ሱሰኛውን ለሸይጣን ማን አሳልፎ ሰጠው?

   

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ከጁሙዓ ሰላት በኋላ አንድ ወዳጄ ክንዴን ይዞ፣ «ፈረንጆቹ አደንዛዥ ዕፅ ወንጀል አይደለም ማለት ጀምረዋል አሉ። ሱሰኛ በሽተኛ ነው ተብሎ እስር እየቀረለት ነው። እናንተ ጋዜጠኞች ዝም ትላላችሁ?» አለኝ። ዝም እንደማልል ቃል ገባሁለት። እውነቱን ለመናገር ያን ቀን በልቤ የያዝኩት ጽሑፍ ይህ አልነበረም። ዓለም ወዴት እየሄደ እንደሆነ አስረድቼ፣ አንድ ሁለት ሐዲሥ ጨምሬ፣ ወጣቱን አስጠንቅቄ ልጨርስ ነበር ያሰብኩት። ብዕሬን ሳነሣ ግን ወንዛዬ ትዝ አለችኝና እጄ ቆመ።

ወንዛዬን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ በደቡብ ጎንደር በደራ ወረዳ፣ በጉማራ ወንዝ አጠገብ የምትገኝ የፍል ውሃ ቦታ ናት። ወገቡን የሚያመው፣ ቁርጥማት የያዘው፣ ቆዳው የቆሰለበት ሁሉ ስንቁን ሸክፎ ይመጣል። ሳምንትም ሁለት ሳምንትም ይቀመጣል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ውሃ ይታጠባል፤ ማታ ማታም በየማደሪያው ሽሮና ቡና ይሸታል። እኔ የደብረ ታቦር ልጅ ነኝና ከልጅነቴ ጀምሮ ስሟን እየሰማሁ ነው ያደግሁት። የሄድኩት ግን አንድ ጊዜ ብቻ፣ በ2011 ዓ.ም. ነው። የሄድኩትም ለራሴ ሕመም አልነበረም። አክስቴ ልጇን ይዛ ስትሄድ ወንድ አብሯት እንዲሆን ለምናኝ ነው።

የአክስቴን ልጅ ስም አልጠቅስም፤ የሙስሊምን ነውር መሸፈን ግዴታችን ነው። ይህን ያህል ግን ልናገር። በመድረሳ ከእኔ ሁለት ዓመት ይበልጠኝ ነበር። ቁርኣን ሲቀራ ሸኻችን ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡት ነበር። አባቱ ሲሞትበት ትምህርቱን ተወና በጭነት መኪና ረዳት ሆነ፤ በኋላም ሾፌር። ከባሕር ዳር ጫት የሚጭን መኪና ሌሊት ነው የሚሄደው፤ ጫት ካደረ ዋጋ የለውምና። እንቅልፍ እንዳይጥለው ቃመ። ምርቃናው አላስተኛው ሲል ጨብሲ ጀመረ። በአረቄ የጀመረው ጨብሲ ወደ ሐሺሽ ወሰደው። ሐሺሹ ያልበቃው ቀን ደግሞ የሕመም ማስታገሻ ክኒን ያለ ማዘዣ ከሚሸጥለት ሰው መግዛት ለመደ። መሰላል ነው፤ እያንዳንዱ ደረጃ የሚቀጥለውን ያቀርባል።

ታዲያ እኛ ምን አደረግን? በዚያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። ክረምት ክረምት ስመለስ በሰፈራችን መስጂድ የወጣቶች ጀመዓ ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። ልጁ አንድ ቀን አረቄ ጠጥቶ መስጂድ በራፍ ላይ ወደቀ። ተሰበሰብን፤ ኡስታዙ ሐጅር ይደረግበት አለ፤ ማለትም ማንም እንዳይጎበኘው፣ ሰላምታ እንዳይመልስለት፣ መስጂድ እንዳይገባ። አዛውንቶቹ አልወደዱትም፤ እኛ ግን ወጣቶች ነበርን፤ ለዲን እንቀና ነበር፤ ቢያንስ እንደዚያ እናስብ ነበር። ውሳኔውን በቆንጆ ጽሑፍ ጽፌ በመስጂዱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ስሙን ከነአባቱ ጻፍኩት። እናቱ በዚያ በር ስታልፍ አንብባዋለች።

ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየ፤ ጥቅልል ሐሺሽ በኪሱ ይዞ ተገኘና ተፈረደበት። ሲፈታ ጭራሽ ብሶበት ወጣ። እስር ቤት ውስጥ ከሐሺሽ እንዲርቅ ያስተማረው ሰው አልነበረም፤ ከየት እንደሚገዛ የሚነግረው ግን አላጣም። ከሥራ ተባርሯል፤ እጮኛው ትታዋለች፤ መስጂዱ እንደሆነ ከፊቱ ተዘግቶበታል። የተከፈተ በር የቀረው የአረቄ ቤቱ ብቻ ነበር።

ወንዛዬ በደረስን በሁለተኛው ሌሊት አክስቴ ከጎኔ ተቀምጣ እንዲህ አለችኝ፦ «አንተ የተማርክ ነህ፣ ኪታብም ቀርተሃል። ልጄ ወገቡን ታሞ ቢሆን ኖሮ ስንቅ አዋጥታችሁ ወደዚህ ትልኩት ነበር። ይኸኛው ሕመም ሲይዘው ግን በር ዘጋችሁበት። ምን ለይቶት ነው?» መልስ አልነበረኝም። ዛሬም ሙሉ መልስ የለኝም፤ የምጽፈው ግን ለእርሷ ጥያቄ ነው።

በሦስተኛው ሌሊት ልጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ላቡ ይንቆረቆራል፤ ከግድግዳው ላይ ነገር እየወጣብኝ ነው ይላል፤ እናቱን አያውቃትም። ሁላችንም ጂን ነው አልን። ጭንቅላቱን ይዤ አያተል ኩርሲይ መቅራት ጀመርኩ። በጎረቤት ማደሪያ የነበረ አንድ ክርስቲያን ነርስ እናቱን ሊያስታጥብ መጥቶ ኖሮ ጩኸቱን ሰምቶ ገባ። «መቼ ነው መጠጥ ያቆመው?» ሲል ጠየቀ። ከሦስት ቀን በፊት፣ እዚህ ስንመጣ፣ አልነው። ነርሱም፣ «ማንበቡን አትተው፤ ግን ቶሎ መኪና ፈልግ» አለኝ። ለብዙ ዓመት አጥብቆ የጠጣ ሰው በአንድ ቀን ሲያቆም መንቀጥቀጥ፣ መቃዠትና የሚጥል ሕመም ሊመጣበት እንደሚችል፣ አንዳንዱም እንደሚሞት ያወቅሁት ያን ሌሊት ነው። ጤና ጣቢያ ደርሰን ዳያዜፓም ተሰጠው፤ ጠዋት እናቱን በስሟ ጠራት። አልሐምዱሊላህ! ከዚህ ወዲያ ሱስን ሰምቼ የምናገር ሰው መሆን አልቻልኩም። አካልን ይዞ እንዲህ የሚያንቀጠቅጥን ነገር «ዱርዬነት» ብቻ ብሎ ማለፍ ከነገሩ መሸሽ ሆኖ ታየኝ።

አንባቢ ሆይ፣ ሰው ስለ ሱስ ያለው አመለካከት ሲለዋወጥ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1511 መካ ውስጥ ኻኢር ቤግ የተባለ የማምሉኮች ሹም ዑለማእን ሰብስቦ ቡናን አስከለከለ፤ ጠጪዎችም ተቀጡ። ብዙም ሳይቆይ ከካይሮ እገዳውን የሚያላላ ትእዛዝ መጣ። በእኛም አገር ቡና የእስላም መጠጥ ነው ተብሎ በክርስቲያኑ ዘንድ ለዘመናት ሲነቀፍ ኖሮ፣ ከ19ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ ወዲህ ነው የሁሉም ማጀት የገባው። ደብረ ታቦር ደግሞ ሌላ ታሪክ አላት። ከተማችን ከአፄ ዮሐንስ አራተኛ መቀመጫዎች አንዷ ነበረች። እኒያ ንጉሥ፣ እ.ኤ.አ. ከ1878ቱ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ሙስሊሙን ወይ ተጠመቅ ወይ አገር ልቀቅ ያሉት፣ ትንባሆ የሚያጨሰውን ከንፈሩን፣ ሱረት የሚስበውን አፍንጫውን ያስቆርጡ እንደነበር ተጽፎ ይገኛል። ዘመን ተለወጠና ያው መንግሥት ራሱ የትንባሆ ሞኖፖል አቋቁሞ ሲጋራ ሸጠ። ኒያላን የማያውቅ ማን አለ? እ.ኤ.አ. በ2016 የጃፓኑ የትንባሆ ኩባንያ የዚህን ድርጅት 40 በመቶ ድርሻ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ከንፈር ከሚቆረጥበት ወደ አክሲዮን! በዚህ ሁሉ ውስጥ ትንባሆው ያው ትንባሆ ነው፤ የሳምባ በሽታውም ያው ነው።

ይህን የማነሣው ሐራምና ሐላል በየዘመኑ ይለዋወጣል ለማለት አይደለም፤ አዑዙ ቢላህ! የአላህ ሐራም እስከ ቂያማ ሐራም ነው። የሰው ሕግ የሚያሰምረው መስመርና ሸሪዓ የሚያሰምረው መስመር አንድ እንዳልሆኑ ለማሳየት ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅ የሚያመርተውንና የሚነግደውን ከአምስት ዓመት በማያንስ ጽኑ እስራትና እስከ 100,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል፤ ተጠቃሚውንም በወንጀለኛነት ይጠይቃል። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሺሻን ከልክሏል፤ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል፤ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው አልኮልም ሲጋራም እንዳይሸጥ አዟል። መልካም ነው። ጫት ግን ዶላር ያመጣል፤ በባሕር ዳር ዙሪያ እህልና አትክልት ይበቅልበት የነበረ ስንት መሬት ጫት ሆኗል! አረቄ በየጓዳው ይወጣል። የአክስቴ ልጅ በመሰላሉ ሲወርድ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች በሕግ ክፍት ነበሩ። ሕግ ያገኘው ሦስተኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ ነው፤ ያገኘውም በካቴና ነው። በመካከሉ ሐኪም የለም፤ መካሪ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ.) በዚህ ጉዳይ ምን አደረጉ?

ኸምር በአንድ ቀን አልተከለከለም። መጀመሪያ ጉዳቱ ከጥቅሙ እንደሚበልጥ ተነገረ፤ ቀጥሎ ሰክሮ ወደ ሰላት መቅረብ ተከለከለ፤ በመጨረሻም በሱረቱል ማኢዳ ቁርጥ ያለው ክልከላ ወረደ። እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ.) ይህን ጥበብ አስረድተዋል፤ አስቀድሞ «አትጠጡ» የሚለው ቢወርድ ኖሮ ሰዎች ፈጽሞ አንተውም ይሉ ነበር የሚል ሐሳብ ያለው ንግግራቸው በቡኻሪ ሰፍሯል። ሱስ የሰውን ልብ እንዴት እንደሚይዝ ፈጣሪው ያውቃል። እኛ ግን ከአንድ ስብሰባ በኋላ እንዲያቆም ነበር የጠበቅነው።

ከክልከላው በኋላም የጠጡ ሰዎች ነበሩ። ይህን ብዙ ዳዒዎች አይነግሩንም። ከሰሐቦች መካከል ዐብደላህ የሚባል፣ ሒማር የሚል ቅጽል ስም የወጣለት፣ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ያስቃቸው የነበረ ሰው ነበር። በመጠጥ ምክንያት በተደጋጋሚ እየቀረበ ተገርፏል። አንድ ቀን ዳግም ቀርቦ ሲገረፍ ከተሰበሰቡት አንዱ፣ ይህን ያህል ጊዜ እየመጣ፣ ብሎ ረገመው። መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ.) እንዳይረግመው ከለከሉት፤ ያ ሰው አላህንና መልእክተኛውን የሚወድ መሆኑንም መሰከሩለት። ይህ ቡኻሪ ውስጥ ያለ ነው። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉት በሌላው ደግሞ፣ አንድ ሰካራም ከተቀጣ በኋላ አላህ ያዋርድህ ያለውን ሰው፣ በወንድማችሁ ላይ ሸይጣንን አትርዱ የሚል ትርጉም ባለው ቃል ገሠጹት።

ልብ በሉ! ቅጣቱ አልቀረም፤ ሐራምነቱም አልላላም። ነገር ግን ተደጋግሞ የወደቀ ሰው የአላህና የመልእክተኛው ፍቅር በልቡ ሊኖር እንደሚችል ከሁሉ የበለጠ የሚያውቁት መሰከሩ። ቅጣቱ ደግሞ እንዴት ያለ ነበር? በእጅ፣ በጫማ፣ በልብስና በዘንባባ ቅርንጫፍ፣ አርባ ያህል ነበር፤ ሰማንያ የሆነው በዑመር (ረ.ዐ.) ጊዜ ሰሐቦችን አማክረው ነው። ተቀጥቶ ሲያበቃ ሰውየው በዚያው ቀን ወደ ቤቱ፣ ወደ ሚስቱ፣ ወደ ሥራው፣ በተለይም ወደ መስጂዱ ይመለሳል። ከሶፉ አልወጣም። የዛሬውን የስንት ወር እስር ከዚህ ጋር አነጻጽሩት። ወላሂ፣ የእኛን የማስታወቂያ ወረቀት ባነጻጽረው ደግሞ አፈርኩ።

ዑመርም (ረ.ዐ.) በሻም የነበረ አንድ ጀግና ሰው መጠጥ ውስጥ መግባቱን ሲሰሙ ፖሊስ አልላኩበትም፤ ደብዳቤ ላኩለት። በደብዳቤው የሱረቱ ጋፊርን መግቢያ፣ አላህ ኃጢአትን መሓሪ፣ ተውበትን ተቀባይ፣ ቅጣተ ብርቱ መሆኑን አስታወሱት። ሰውየው እየደጋገመ አንብቦ አለቀሰ፤ ተውበትም አደረገ። ኢብን ከሢር በተፍሲራቸው ይህን ሲተርኩ፣ ዑመር ለባልደረቦቻቸው ወንድማችሁ ሲንሸራተት እንዲህ አድርጉ፣ አቅኑት፣ ዱዓ አድርጉለት፣ የሸይጣን ረዳት አትሁኑበት ማለታቸውን ያወሳሉ። እኔም ጽፌ ነበር እኮ! ልዩነቱ፣ ዑመር ለሰውየው ነው የጻፉት፤ እኔ ስለ ሰውየው፣ ለመንገደኛ ሁሉ።

እዚህ ላይ አንድ ወንድሜ ሲቆጣ ይታየኛል። «እንግዲህ ሱሰኛ በሽተኛ ነው ካልን፣ ነገ ዝሙተኛውም ሌባውም በሽተኛ ነው ሊባል ነው። በሽተኛ ከሆነ ኃጢአት የለበትም ማለት ነው!» ይለኛል። ጥያቄው ቀላል አይደለምና አልንቀውም። መልሴ ይህ ነው፦ አንድ ነገር ኃጢአትም ሕመምም ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያዋን መለኪያ ያነሣ እጅ በገዛ ፈቃዱ አንሥቷል፤ ስለ እርሷ ይጠየቃል። በአሥረኛው ዓመት የሚንቀጠቀጠው እጅ ግን ሐኪም ያስፈልገዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የሱስ ጥገኝነትን በበሽታዎች ዝርዝሩ ውስጥ ማስገባቱ ኸምርን ሐላል አያደርገውም፤ በገዛ ምላሱ ጥፋት ተጣልቶ የቆሰለን ሰው ማከም ጠብን ሐላል እንደማያደርገው ሁሉ። ሐሜትም ሐራም ነው፤ የወላጅን ሐቅ ማጉደልም ሐራም ነው፤ ለእነዚህ እስር ቤት አልሠራንም፤ ሐራምነታቸውም አልቀረም። ስርቆት ግን የሌላ ሰው ሐቅ የተነካበት ነው፤ ስለዚህ አይመሳሰሉም። ሱሰኛው ከሰረቀ በስርቆቱ ይጠየቅ፤ ሰክሮ መኪና ነድቶ ሰው ከገጨ በደሙ ይጠየቅ። የማነጋግራችሁ ስለዚያ ጥቅልል በኪሱ ስለተገኘበት ልጅ ነው።

ሌላው ደግሞ «የሸሪዓ ሐድስ?» ይለኛል። ሐድ የሸሪዓ ፍርድ ነው፤ የሚፈጽመውም ሥልጣን ያለው የሸሪዓ ዳኛ እንጂ የመስጂድ ወጣቶች ጀመዓ አይደለም። በሐሺሽ ጉዳይ ደግሞ ሐራምነቱን የሚጠራጠር ባይኖርም በቅጣቱ ፉቀሃእ ተለያይተዋል፤ ኢብን ተይሚያ እንደ ኸምር ሐድ ይገባዋል ሲሉ፣ ሌሎች ተዕዚር ነው ብለዋል። ተዕዚር ማለት ዳኛው መስለሓውን አይቶ የሚመጥነው ቅጣት ነው፤ ተግሣጽም ሊሆን ይችላል። በጫት ላይማ ጭራሽ አንድ ቃል የለንም። ኢብን ሐጀር አልሐይተሚ፣ እ.ኤ.አ. በ1567 መካ ላይ የሞቱት ታላቅ ዓሊም፣ ከየመን ስለ ጫት የተጋጩ ጽሑፎች ደርሰዋቸው ሪሳላ ጽፈዋል። ቃሚዎቹ ራሳቸው ስለ ጫት የሚሉት እርስ በርሱ ስለተጋጨባቸው በቁርጥ ሐራም ለማለት ተቆጥበው፣ ከሹብሃ መራቅ እንደሚሻል ግን አሳስበዋል። በወሎ ዱዓውን ያለ ጫት የማይቀመጡ ሸኾች እንዳሉ፣ ጫትን የሚያወግዙ ኡስታዞችም እንዳሉ እናውቃለን። የእኔ ሐሳብ ከተጠየቅሁ፣ ቤተሰቡን አስርቦ፣ ሰላቱን አሳልፎ የሚቅም ሰው ሹብሃውን አልፎ ሐራሙ ውስጥ ገብቷል። ግን ይህን ለእርሱ በጆሮው እነግረዋለሁ።

በኪታቦች የሚወራ ሌላም አለ። ዑመር ሌሊት ሲዞሩ የሰው ድምፅ ሰምተው በግድግዳ ዘለው ገቡ፤ ሰውየውን መጠጥ ላይ አገኙት። ሰውየው ግን እኔ አንድ ብበድል አንተ ሦስት በደልክ፤ ሰልለሃል፣ በበሩ አልገባህም፣ ሰላምታም አላቀረብክም አላቸው። ዑመርም ትተውት ወጡ። ገዛሊ በኢሕያእ አስፍረውታል። የሺሻ ዕቃ ተሰብስቦ ሲቃጠል በቴሌቪዥን ባየሁ ቁጥር ይህ ታሪክ ትዝ ይለኛል።

ወደ ፈረንጆቹ እንመለስ፤ ወዳጄ የጠየቀኝ ስለ እነርሱ ነውና። ፖርቱጋል እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2001 ጀምሮ ለራሱ መጠቀሚያ እስከ አሥር ቀን የሚበቃ ዕፅ ይዞ የተገኘን ሰው ወደ ወንጀል ፍርድ ቤት መላክ አቁማለች። ዕፁ ግን አልተፈቀደም፤ ይወረሳል፤ ነጋዴው ይታሰራል። ተጠቃሚው ሦስት አባላት ባሉት፣ የሕግና የሥነ ልቦና ወይም የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያዎች በሚቀመጡበት ኮሚሽን ፊት ይቀርባል፤ እነርሱም ወደ ሕክምና ይመሩታል። ሠምሮላቸዋል፤ በዚያ ዘመን በሄሮይን መርፌ ይስፋፋ የነበረው ኤችአይቪ በእጅጉ ቀንሷል። በአሜሪካ የኦሪገን ግዛት ግን በ2020 በሕዝብ ድምፅ ተመሳሳይ ነገር ወስና፣ በየካቲት 2021 ተግባር ላይ አዋለችው። እስሩ ቀረ፤ የሕክምናው ገንዘብ ግን ዘገየ። 100 ዶላር የሚያስከፍል ወረቀት ይሰጣል፤ ወደ ስልክ መስመር ደውሎ ምርመራ ያደረገ ይሰረዝለታል ተባለ፤ የደወለው ጥቂት ነው። በዚያው ፈንታኒል የሚባለው መርዝ መንገዱን ሞላው። በ2024 ሕግ አውጪዎቹ ወንጀልነቱን መለሱት። እስርን ማንሣት የሥራው ትንሹ ክፍል ነው ማለት ነው፤ ሆስፒታል ሳይሠሩ እስር ቤቱን መዝጋት ሰውን ከእሳት አውጥቶ ብርድ ላይ እንደመተው ነው።

ለሙስሊሙ አንባቢ ደግሞ ሌላ ምሳሌ አለኝ። ኢራን ከአብዮቱ በኋላ ሱሰኛን በብርቱ ቀጥታለች፤ ነጋዴውንም ሰቅላለች። ሱሱ ግን አልቆመም፤ በእስር ቤትም ኤችአይቪ በመርፌ ተዛመተ። እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በከርማንሻህ ሱሰኛውንና ኤችአይቪ ያለበትን አንድ ላይ የሚያክም ክሊኒክ ተከፈተ፤ በእስር ቤት ሳይቀር ሜታዶን መስጠት ተጀመረ። በ2005 የፍርድ ቤቶች የበላይ የነበሩት አያቱላህ ሻህሩዲ ዳኞች ይህን ሕክምና እንዳያደናቅፉ በደብዳቤ አዘዙ። የሺዓ አገር ነው ብላችሁ አትለፉት፤ የሱኒዋ ማሌዥያም ከ2005 ወዲህ በዚሁ መንገድ ሄዳለች። በተቃራኒው ብሪታንያ በሰኔ 2014 ጫትን ከልክላለች፤ ከጠየቁትም መካከል ባሎቻቸው መርቅነው የሚውሉባቸው የሶማሌ እናቶች ነበሩ። እዚያም ቢሆን ለመጀመሪያ ጊዜ ለተያዘ ቃሚ ማስጠንቀቂያ ነው የሚሰጠው። ጉዳዩ እንግዲህ ፈረንጅ ሐራሙን ሐላል አደረገ የሚባል ተራ ነገር አይደለም።

ነጋዴውን በተመለከተ ልቤ አይራራም። ነገር ግን እዚህም ላይ የሚያዘው ማን ነው? እ.ኤ.አ. በ2025 ሐሺሽ አስገብታችኋል ተብለው በሳዑዲ ዓረቢያ በሰይፍ የተቀጡ ኢትዮጵያውያን አሉ። የጭነቱ ባለቤት ግን ያን ተራራ በእግሩ አያቋርጥም።

እና በእኛ አገር? አማኑኤል ሆስፒታል በጣልያን ዘመን ተጀምሮ ለአሥርተ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። ከደቡብ ጎንደር አንድ እናት ልጇን ይዛ አዲስ አበባ ትድረስ? በምን ገንዘብ? ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልላችን በተነሣው ጦርነት መንገዱስ መች ይታመናል? ጸበል፣ ሩቅያ፣ ፍል ውሃ የቀረላት ይህ ነው። ሩቅያን የማጣጥል አይደለሁም፤ ሺፋ ከአላህ ነው። ነገር ግን ሩቅያ የሚያደርጉ ወንድሞቻችን፣ በሽተኛው ጠጪ እንደነበር ይጠይቁ፤ የሚንቀጠቀጥ ሰው ላይ ሰንሰለት አያድርጉ፤ በአቅራቢያቸው ያለውን ጤና ጣቢያ ነርስ ስልክ ይያዙ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም። የመስጂድ ኮሚቴዎቻችንም ከዘካና ከሰደቃው ለአንድ በሽተኛ የመኪናና የመድኃኒት ወጪ መቻል አያቅታቸውም። ለሚናራ ስናዋጣ አይቻለሁና አቅም የለንም አትበሉኝ።

የአክስቴ ልጅ ከወንዛዬ ከተመለሰ በኋላ ስምንት ወር አረቄ ሳይቀምስ ቆየ። ከዚያ ወደቀ። ተነሣ፤ ደግሞ ወደቀ። ሐኪሞች ይህ የተለመደ ነው ይላሉ፤ ስኳር በሽተኛም ስኳሩ ከፍ ዝቅ ይልበታል። ሐሺሹንና ክኒኑን ከተወ አራት ዓመት አልፎታል። ጫቱን አልተወም፤ ቀንሷል። በ2013 ጥቅምት እናቱ ሞተች፤ ቀብሯ ላይ ዱዓ አድርጎ ሲጨርስ ወደ እኔ መጥቶ አቀፈኝ። ስለ ወረቀቱ አላነሣም። እኔም ያን ዕለት ዐፉ በለኝ አላልኩትም። ያልኩት ከዓመት በኋላ ነው፤ እርሱም ሳቀና፣ «ጽሑፍህ ቆንጆ ነበር» አለኝ።

ባለፈው ወር የመስጂዳችን ሙአዚን አርጅተው በቃኝ አሉ። የአክስቴ ልጅ የፈጅርን አዛን እኔ ላድርግ ብሎ ለኮሚቴው አመለከተ። ድምፁ ያው የልጅነቱ ድምፅ ነው። ሁለት አባላት ከእነ ምርቃናው ሚናራ ላይ ሊወጣብን ነው አሉ፤ አንድ አዛውንት ሲኖሩ እርሳቸው ይሞከር ብለዋል፤ ሌላው ዝም አለ። የእኔ ድምፅ ቀርቷል፤ የምንሰበሰበው የፊታችን እሑድ ከዐስር በኋላ ነው። ማመልከቻውን በእጁ ነው የጻፈው፤ ስሙን ከነአባቱ።